ለኮምፒውተር የተላኩ ሽማግሌዎች

ዙሀራ ከእንቅልፏ ስትነቃ ባሏ የክት ጫማውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአሮጌ ካልሲ ሲወለውል አገኘችው። ሀምዱ ያን ጫማ የሚያደርገው ለዒድና ለለቅሶ ነው። ዒዱ አልደረሰም፣ የሞተ ሰውም አልሰማችም። ወዴት ነው ብትለው መጋረጃው ጀርባ የተኛውን ልጅ እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

«ለማን?»

«ፈተናውን ላረመው።»

«ፈተናውን ያረመው ኮምፒውተር ነው አላልከኝም?»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ባለቤት የለውም?» አለና ወደ ጫማው ተመለሰ። ዙሀራ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሻይ ልትጥድ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ ከደረሰ አምስት ቀኑ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሰይፈዲን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤቱን ይዞ ገባ። ውጤት ማለት ሁለት ጣት የማይሞላ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ስሙና ቁጥሩ በማሽን ተመትቶበታል፣ የሰው እጅ ያረፈበት አይመስልም። ከስሙ ቀጥሎ ኤፍ ተደርድሯል። በሒሳብ ኤፍ፣ በፊዚክስ ኤፍ፣ በአማርኛ ሳይቀር ኤፍ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከአንደኛነት ወርዶ የማያውቅ፣ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ የሚያስጠና ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አይተው «እንግዲህ ኮምፒውተር ነው ልጄ፣ ምን እላለሁ» ብለው መለሱለት። ሰይፈዲን አላለቀሰም፣ ማንንም አልተሳደበም። ወረቀቱን ሬዲዮው ሥር አስገብቶ፣ ጫማውን ፈትቶ፣ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ተኛ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ለሽንት ካልሆነ አልተነሳም።

መተኛቱስ ባልከፋ። የቀበሌው በር ላይ ግን ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዕድሜው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላ፣ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ሥራ የሌለው ወጣት ሁሉ እስከ ዓርብ ቀርቦ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዝገብ ይላል። ከዩኒቨርሲቲ የጥሪ ደብዳቤ የያዘ ይቆያል። ባለፈው ዙር ከሰፈሩ አሥራ አንድ ልጆች ሄደው ደብዳቤ የላኩት ሁለቱ ናቸው። ስለ ዘጠኙ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም፤ እናቶቻቸው በስኳር ወረፋ ላይ ሲገናኙ እንኳ ስለ ዝናቡና ስለ ዘይቱ ነው የሚያወሩት። ሀምዱና ዙሀራ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ቀብረዋል።

ቤታቸው የቀበሌ ቤት ነው፤ ኪራዩ በወር ስድስት ብር፣ አንድ ክፍል፣ ለሁለት የሚከፍለው መጋረጃ። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ብፌው፣ የሬዲዮው መደርደሪያ፣ የበሩ መዝጊያ ሳይቀር የሀምዱ የእጅ ሥራ ነው። ሀምዱ ኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለው የእንጨት ሠራተኞች ማህበር ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲልግና ሲሰነጥቅ የኖረ አናጢ ነው። ከእጁ የወጣ በር አይጣመምም ይሉለታል። ዝምተኛ ነው፣ ሲናገር ግን ስለ አንድ ነገር ደጋግሞ በመናገር ሰው ያሰለቻል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ማህበርተኞቹን ያሰለቻቸው ስለ ኮምፒውተር በመናገር ነው።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ኮምፒውተርን የሀምዱን ያህል የሚወድ ሰው ኮልፌ ውስጥ አልነበረም። አይቶት አያውቅም፤ ግን ይወደዋል። በወጣትነቱ ለአንድ መሥሪያ ቤት አናጢነት ተወዳድሮ፣ ፈታኙ የሠራውን ወንበር አገላብጦ ካደነቀለት በኋላ ሥራውን ለእህቱ ልጅ ሰጥቶበታል። ያ ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርቷል። የልጁ ፈተና በኮምፒውተር እንደሚታረም የሰማ ዕለት መላጊያውን አስቀምጦ «ተመስገን! ኮምፒውተር የእህት ልጅ የለውም» አለ። ከዚያ ወዲህ ማህበሩ ውስጥ የሹመት ወይም የቤት ዕደላ ወሬ በተነሳ ቁጥር ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ እያለ ይጀምራል። አሁን እንግዲህ የእህት ልጅ የሌለው ዳኛ ፈረደበት። እንዲህ ያለ ዳኛ ደግሞ በማን በኩል ይለመናል? አምስት ቀን ሲያስብ የቆየው ይህንኑ ነበር። በስተመጨረሻ እናት አባቱ ያስተማሩት አንድ መንገድ ብቻ ታየው።

ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹን ይዞ ፌርማታው ላይ ቆመ። አንዱ የእድሩ ዳኛ አቶ ተክለማርያም ናቸው፤ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ደርበው ባርኔጣ የደፉ አንደበተ ርቱዕ ሰው። ሌላው ሀጂ አህመድ ናቸው። ሀጂ ብዙ አይናገሩም፣ ጉልበታቸውንም ሪህ ይዟቸዋል፤ ነገር ግን ቆመው ሲታዩ ብቻ ሰው ያፍራቸዋል። የነሐሴ ዝናብ ይንጠባጠባል። አውቶቡሱ ሲመጣ ሀምዱ የሦስቱንም ከፈለ፤ መርካቶ ወርደው ሌላ ሲሳፈሩም ከፈለ፤ አቶ ተክለማርያም ኪሳቸው እየገቡ «ኧረ ተው» ማለታቸው አልቀረም። ሀጂ አህመድ መንገድ ላይ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ሰውዬው የየት አገር ሰው ነው?» አሉ። ሀምዱ የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ራሱም ስለማያውቅ እንጃ አላቸው።

የፈተናው መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ሊጠይቅ እጁን ዘርግቶ ነበር። አቶ ተክለማርያም «ሽማግሌዎች ነን» ሲሉት እጁን ሰብስቦ አሳለፋቸው። ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲያሻግሯቸው ቆይተው በመጨረሻ ፈጠነ የሚባል ሰው ዘንድ ደረሱ። ዕድሜው ከሠላሳ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ነጭ ካፖርት ለብሷል፣ ከሥር ወፍራም ሹራብ። ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ የኮምፒውተሩ ክፍል ኃላፊ ነው አሏቸው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቢሮው ሲገቡበት ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ እባካችሁ።»

«እሺታህን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ተክለማርያም።

«ጉዳዩን እኮ አልነገራችሁኝም።»

«መጀመሪያ እሺ በለንና እንነግርሃለን።»

ፈጠነ ሳቀ። የሽማግሌ ወግ የሚያውቅ፣ አሳዳጊ ያልበደለው ሰው ስለነበር እሱም ሳይቀመጥ ቀረ። ጠባቧ ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች አራት ወንበር ከብበው ቆሙ። አቶ ተክለማርያም ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ልጁ ጨዋ መሆኑን፣ ታላላቆቹን ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ መሆኑን፣ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ በላቡ ያደረ ሰው መሆኑን ተናገሩ። «ልጃችን አጥፍቶ ከሆነ እኛ እንካሳለን። የእናንተም መሣሪያ ተሳስቶ ከሆነ አንቀየምም፤ ማንም ይሳሳታል። ብቻ አንድ ጊዜ ወረቀቱ ይታይልን» ብለው ጨረሱ። ሀጂ አህመድ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማመልከቻ ጽፋችሁ ኑ ብሎ ይሸኛቸው ነበር። ፈጠነ ግን የልጁን ቁጥር ተቀብሎ በኮሪደሩ ይዟቸው ሄደና አንድ ትልቅ መስታወት ፊት አቆማቸው። ከመስታወቱ ማዶ የሚያጉረመርም ቀዝቃዛ ክፍል አለ። ውስጡ ግራጫ ቀለም የተቀቡ ቁምሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ትንንሽ መብራት ያበራሉ፣ አንዱ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ሀምዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ዓይኑ በልማዱ መጋጠሚያውን ፈለገ፤ ምስማሩ የት እንደገባ፣ ማጠፊያው የት እንደሆነ አይታይም። ጥሩ ሥራ ነው ብሎ አሰበ፤ ወዲያው በማድነቁ በራሱ ተናደደ። አቶ ተክለማርያም ለማንኛውም ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የምንለምነው ይሄንን ነው እንግዲህ?»

«አይለመንም አባባ። አይሰማም።»

«ደንቆሮ ዳኛ ነዋ ያስቀመጣችሁብን!» አሉ አቶ ተክለማርያም፤ ባርኔጣቸውንም መልሰው ደፉ።

ወረቀቱን ከሣጥኖች መሀል ፈልጎ ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እስኪመጣ ድረስ ሽማግሌዎቹ ቢሮው ውስጥ አልተቀመጡም። ሀጂ አህመድ ግድግዳውን ደገፍ ብለው ጉልበታቸውን በተራ በተራ ያሳርፉ ነበር። ፈጠነ የሒሳቡን መልስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ባዶ መሰለ። አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል የተሰመረች አንዲት ቀጭን መስመር ታየች። ከዳር ዳር መቶ መስመር፤ አንዷ ከነጥቡ አልዘለለችም፣ አንዷ አልተጣመመችም። ሀምዱ መስመሩን አወቀው። እንጨት ላይ እንዲህ ነው የሚሰመረው።

«ማሽኑ የሚያየው ጥቁረቱን ነው» አለ ፈጠነ። «በደንብ ያልጠቆረ ለሱ ባዶ ነው። ባዶ አገኘ፣ ባዶ ሰጠ።»

«አንተስ? ላንተ ይታይሃል?» አሉ አቶ ተክለማርያም።

ፈጠነ ከመሳቢያው የመልሶቹን ዝርዝር አወጣና በጣቱ እያመለከተ መቁጠር ጀመረ። ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ደገመው። «ሰማንያ ሰባት» አለ ቀስ ብሎ። የፊዚክሱንም ቆጠረ፤ ሰማንያ አንድ። ከዚያ በላይ አልቆጠረም፤ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በእጁ ሸፈናቸው። «ይሄ ልጅ ምህንድስና ነበር የሚገባው።»

አቶ ተክለማርያም እጃቸውን አጨበጨቡ። «በቃ! ታዲያ ምን ቀረ? በዓይንህ አየኸው አይደለም?»

«እኔ አይቻለሁ። እሱ አላየም።»

«ማነው የሚበልጠው? አንተ ነህ እሱ?»

ፈጠነ ወደ ኮሪደሩ በኩል ተመለከተ። «እዚህ ቤት? እሱ» አለ።

ከዚያ አስረዳቸው። ድሮ ውጤት በእጅ ይታረም በነበረ ጊዜ ለባለሥልጣን ልጅ የተቀነሰ ይጨመር፣ የጠፋ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ያነበበውን ሰው እንዳይነካው ሕግ ወጣ። መስመሩን በሌላ እርሳስ አጥቁሮ ደግሞ ቢያስነብበው ሰነድ መሰረዝና መደለዝ ነው፤ በዚህ የታሰረ ባልደረባ አለው። የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ደግሞ ከዚሁ ወጥቶ ተልኳል። የከርሞ ሰው ይበለውና በሚቀጥለው ዓመት ይፈተን። አቶ ተክለማርያም ከርሞ የት እንደሚሆን አታውቅም ወይ አሉት። ያውቃል፤ ዓይኑን ሰበረ። ታዲያ ለቀበሌው ኮምፒውተሩ ተሳስቷል የምትል አንዲት ደብዳቤ ጻፍልን አሉት።

«ኮምፒውተሩ እኮ አልተሳሳተም አባባ።»

«ማን ነው ታዲያ የተሳሳተው?»

ፈጠነ ወረቀቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። «እኔን የገረመኝ፣ በምን እርሳስ ነው የጻፈው? ለስላሳ እርሳስ፣ ቁጥር ሁለት ብለን አስነግረናል። ይሄ ድንጋይ ነው።»

ሀምዱ ያን ጊዜ የእርሳሱን ነገር አስታወሰ። በፈተናው ዋዜማ ሰይፈዲን ቁጥር ሁለት እርሳስ ልግዛ ብሎ ሃያ አምስት ሳንቲም ጠይቆት ነበር። ሀምዱ ስቆበታል። የዕቃ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ለወይራና ለጽድ ብቻ የሚያወጣውን ጀርመን ሠራሽ እርሳስ አንስቶ ሾል አድርጎ ቀርጾ ሰጠው። አራት ቁጥር። ሁለት ካሉ አራት ይበልጣል ብሎ አይደለም፤ ጠንካራ እርሳስ አይዶለዱምም፣ አያቆሽሽምም ብሎ ነው። ለስላሳ እርሳስ የሰነፍ አናጢ ነው። መስመርህ ከወፈረ መጋዙ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ቀጭን መስመር የሚያሰምር ሰው እንጨት አያበላሽም። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያስተማረው ይህንን ነው። ልጁም አባቱን ላለማስቀየም ሌላ እርሳስ አልገዛም። እንደተማረው አሰመረ።

አቶ ተክለማርያም ዘወር ብለው «በምን እርሳስ ነው ሀምዱ?» አሉት።

«እንጃ» አለ።

ከማዶ የማሽኑ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ሀጂ አህመድ ከግድግዳው ተላቀው ወደ አንዱ ወንበር ሄዱና፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አቶ ተክለማርያም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰምር ሲቀመጥ አይተው አያውቁም። እሳቸውም ቆይተው ተቀመጡ። ፈጠነ ሻይ ላስመጣላችሁ አላቸው።

ሲመለሱ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሦስቱም እርስ በርስ ሳይተያዩ በተጨናነቀው መሀል ቆመው ሄዱ። ኮልፌ ሲወርዱ አቶ ተክለማርያም የሀምዱን ክንድ ይዘው «ለልጁ ንገረው። ሌላው ቢቀር ደደብ አለመሆኑን ይወቅ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሀምዱ ጭቃውን እየዘለለ ወደ ቤቱ ሲያዘግም የሚናገረውን አንድ በአንድ አዘጋጀ። ሰማንያ ሰባትን ያስቀድማል። እርሳሱን አይደብቅም፤ ልጁ ቢጮህበት ይጩህበት። ያን ያህል ቀን ከተኛበት የሚያስነሳው ከሆነ ቢሰድበውም ግድ የለውም። ከዓርብ በፊት ደግሞ ሌላ መላ ይፈለጋል፤ ዳሞት ዘመድ አለ፣ ወራቤ አጎቱ አሉ።

በሩን ሲከፍት መጋረጃው ተገልጧል። ሰይፈዲን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላል። ዙሀራ አልጋው ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች፤ ምድጃው ጠፍቷል።

«ቀበሌ ሄጄ ተመዘገብኩ» አለ ልጁ። «በፈቃዱ የመጣ የመካኒክ ትምህርት ይሰጡታል አሉ። ተይዞ የሄደ ግን ወዲያው ግንባር ነው። እኔ መካኒክ አልኩ። ሐሙስ እንሄዳለን።»

ሀምዱ እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ ፊቱ ቆመ። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት።

«አልፈሃል» አለው።

«ተወው አባባ።»

«ወላሂ አልፈሃል። በሒሳብ ሰማንያ ሰባት፣ በፊዚክስ ሰማንያ አንድ። ወረቀትህን በዓይኔ አይቼ መጣሁ። እርሳሱ ነው። እኔ የሰጠሁህ እርሳስ ደረቅ ስለሆነ ማሽኑ ሳያነበው ቀርቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰይፈዲን ዳቦውን አስቀመጠ። አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው፤ አልተቆጣም፣ አልተደነቀም። እንዲህ ያለ አስተያየት ሀምዱ የሚያውቀው ከበሽተኛ ጠያቂ ዘንድ ነው።

«ማን ቆጠረው?»

«ኃላፊው ራሱ። እኛ ፊት በጣቱ እያመለከተ።»

«ሰው ነዋ» አለ ልጁ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «አቶ ተክለማርያምንና ሀጂን ፊቱ አቁመህበት ምን ይበልህ አባባ? አዝኖልህ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር።»

ሀምዱ ደግሞ ማለለት። በአላህም፣ በሞቱት ሁለቱ ልጆቹም ማለ። በማለ ቁጥር ነገሩ የሚያጽናና አባት ነገር እየመሰለ ሄደ፤ ራሱም ሰማው። ሰይፈዲን ተነስቶ የአባቱን ኮት ከትከሻው ላይ አወለቀለትና ወንበር ሳበለት።

«እሺ፣ አልፌያለሁ» አለው። «አሁን ተቀመጥ፣ በስብሰሃል።»

ከቤቱ ሰው ያመነው አንድ ብቻ ነበር። ዙሀራ ምንም አልተከራከረችም፣ ማልልኝም አላለችም፤ የባሏን ፊት ከሃያ ዓመት በላይ አንብባዋለች። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች።

«የትኛው እርሳስ?» አለችው።

ሀምዱ ፊቱን ሊያዞርላት አልቻለም።